ከጽዳት ዘመቻ ባሻገር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተማሪዎችን ወደ አካባቢ ፍትሕ ጥያቄ መምራት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአቃቂና ከቱሉ ዲምቱ እስከ አየር ጤናና ካራ ባሉ ሰፈሮች፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ክበቡ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላል፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ተማሪዎችን መጥረጊያና ጓንት አስይዞ ወደ መንገድ ያወጣል፤ በሰልፍ ሰዓት ስለ ንጽሕና ጥቅም ግጥም ያስነብባል። እነዚህ ሥራዎች የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚከማቸውን ቆሻሻ ዓመት ከዓመት እየጠረገ፣ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ፣ የማንሣት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነና በሌላው ሰፈር ገንዳ የሚያነሣው መኪና ለምን ወደ እርሱ ሰፈር እንደማይደርስ አንድ ጊዜም ሳይጠይቅ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል። የአካባቢ ፍትሕ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ካልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ይዘው በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ለሚያስቡ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች የተዘጋጀ ነው። የሚጠይቀው ወጪ ከደብተር፣ ከእስክሪብቶ፣ ከሜትርና ፎቶ ከሚያነሣ አንድ ስልክ የሚያልፍ አይደለም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው አንድ ጉዳይ መርጦ፣ አንድ የማይናወጥ መዝገብ ይዞ፣ ሥልጣን ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ድረስ መሄድን ይመለከታል። ብዙ ጉዳይ በአንድ ጊዜ የያዘ ክበብ፣ እኔ እንዳየሁት፣ ከፖስተር አያልፍም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

የአካባቢ ፍትሕ ለተማሪ የሚገባው በትርጓሜ ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ጥቅሙ ለማን ሄደ፣ ጉዳቱ በማን ላይ ወደቀ፣ ውሳኔው ሲሰጥ ማን ተጠየቀ። አስተሳሰቡ በዓለም ላይ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ጥቁሮችና ድሆች በነበሩባት በዋረን አውራጃ፣ በመርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር ሊቀበር መሆኑን የተቃወሙ ሰዎች በመኪኖቹ ፊት መንገድ ላይ በተኙ ጊዜ ነው። ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ አፈሩም በመጨረሻ እዚያው ተቀበረ። ለተማሪዎች ይህን ታሪክ መንገር የሚጠቅመው ተቃውሞው ባለመሳካቱ ጭምር ነው፤ ያ ሽንፈት ሌሎች ሰፈሮች «ለምን ሁልጊዜ እኛ ጋ?» ብለው እንዲቆጥሩና እንዲመዘግቡ አድርጓል።

ለእኛ ተማሪዎች ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው፣ የቆሻሻ መጣያ ታሪክ ይበቃል። ቦታው መጣያ ሆኖ ሥራ ሲጀምር የከተማው ጠርዝ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው፤ ቆሻሻውን እየለዩ በሚያገኙት የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎችም በሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ መጣያ መሄድ ጀመረ፤ በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ተቃወሙና በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፤ መኪኖቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ቦታ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ።

ይህን ቅደም ተከተል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሦስቱን ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ዓመተ ምሕረት ፊት ማስቀመጥ ነው። ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ጥፋተኛ ነው፤ መምህሩ ከዚህ ቀስ አድርጎ ሊመልሳቸው ይገባል። የሰንዳፋ ገበሬ «እኔ ያላመረትኩትን ቆሻሻ ለምን በማሳዬ አጠገብ?» ሲል ትክክል ነው። በቆሼ ሥር የሚኖረውም ሰው ትክክል ነው። የሁለቱ ትክክለኛ ጥያቄ አንዱን ያሳረፈው በሌላው ላይ ተጭኖ መሆኑን ተማሪው በራሱ ካገኘው፣ «ከሰፈራችን ይነሣልን» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ዓመቱን ሙሉ አይረሳውም። በኮልፌ ቀራንዮና በአየር ጤና አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በክፍሉ ውስጥ ዘመዱን ወይም ጎረቤቱን በዚያ አደጋ ያጣ ተማሪ ሊኖር ስለሚችል፣ መምህሩ አስቀድሞ ከክፍል ኃላፊዎች ጠይቆ መረዳትና ተማሪውን ለብቻ አነጋግሮ ፈቃዱን ማወቅ አለበት።

ሰፈሩን በካርታ ላይ ማስቀመጥ

ሁለተኛው ሥራ በእግር መሄድና መሣል ነው። ተማሪዎች በአራት ወይም በአምስት እየሆኑ ከትምህርት ቤቱ በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ያለውን ይዞራሉ፤ ወንዙን፣ ቱቦውን፣ የቆሻሻ ገንዳውን፣ የድንጋይ ካባውን፣ ፋብሪካውን፣ የሕዝብ ቧንቧውን፣ ጎርፍ የሚሰብረውን መንገድ፣ አረንጓዴ ቦታውንና የአትክልት ማሳውን በእጃቸው በሣሉት ካርታ ላይ ያስቀምጣሉ። ቤቶችንም ማካተት አለባቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ፣ የጭቃ ቤቱ፣ አጥር ያለው የሪል እስቴት መንደርና የገበሬው ግቢ በተለያየ ቀለም ከተቀመጡ በኋላ ጥሩው ነገር ለየትኛው ቀለም እንደሚቀርብ፣ መጥፎውም ከየትኛው አጠገብ እንደሆነ ካርታው ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ሰፈሩን ከከተማው ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ መሬት ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥቶ አቃቂ ሲደርስ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ የሚያልፉት ወንዞች ሁሉ የሚጎርፉት ወደ ደቡብ ነው፤ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይገባሉ። በአንጻሩ ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ብዙው የሚመጣው ከዳርቻው ነው፤ የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ከከተማው ወሰን ውጪ ናቸው፣ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ብዙ ውሃ ይሳባል። ንጹሑ ውሃ ከዳርቻው ወደ መሀል ይገባል፣ የቆሸሸው ከመሀል ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ በአቃቂ ቃሊቲ ያለ ተማሪ ይህን በካርታ ላይ በሁለት ቀስቶች ሲሥለው ከማንኛውም ንግግር በላይ ይገባዋል።

አንዱን ጉዳይ መምረጥ

ካርታው ሲያልቅ ተማሪዎቹ አሥር ችግር ቆጥረው ይመጣሉ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ብቻ መያዝ የመምህሩ ጽናት የሚፈተንበት ቦታ ነው። የሚመረጠው ጉዳይ ተማሪዎቹ በእግራቸው ደርሰው ደጋግመው ሊያዩት የሚችሉት፣ በዓይን ወይም በቀላል መለኪያ ሊመዘገብ የሚችል፣ በሕግ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያለውና በወራት ውስጥ ቢያንስ በጥቂቱ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት። «የአየር ንብረት ለውጥ» አይሆንም። «ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ያለው ገንዳ ሞልቶ ሳይነሣ ስንት ቀን ይቆያል?» የሚለው ይሆናል። «የውሃ እጥረት» አይሆንም፤ «በፈረቃ የሚመጣው ውሃ በኮንዶሚኒየሙና ከበስተጀርባ ባሉት የጭቃ ቤቶች እኩል ይደርሳል ወይ?» የሚለው ይሆናል።

ድምፅ ሲሰጥ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ ከፊት የሚቀመጡትና አፋቸው የተፈታ ተማሪዎች የመረጡት ጉዳይ የከፋ ጉዳት የደረሰባቸው ልጆች ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ቢሆን ይሻላል።

ወንዝ ለመረጡ

በዳርቻው ያሉ ብዙ ክበቦች መጨረሻ ላይ የሚመርጡት ወንዙን ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ቆየት ማለት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ደኅንነት። ማንም ተማሪ ወደ ውሃው አይገባም፣ በእጁ አይነካውም፣ ገደሉ ላይ አይወርድም። ናሙና የሚቀዳው መምህሩ ነው፤ ጓንት አድርጎ፣ ከድልድይ ላይ ወይም ከጠንካራ ዳርቻ፣ ክብደት የታሰረበትን ግልጽ ጠርሙስ በገመድ አውርዶ። ጎርፍ ድንገት ስለሚመጣ በዝናብ ወቅትና ከላይ ባለው ከተማ በኩል ሰማዩ በጠቆረበት ቀን መውጣት አይገባም። ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ የወንዙ ውሃ በበጋ ስለሚቀንስ የሚለቀቅበት ፍሳሽ ብዙም ሳይቀላቀል ይታያል።

የምልከታው ቁልፍ ማነጻጸር ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ «ወንዙ ቆሽሿል» ማለት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ መሀል ሲመጣም ቆሽሾ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ቦታ በላይና በታች፣ በዚያው ቀንና በተቀራራቢ ሰዓት የተቀዱ ሁለት ጠርሙሶች ከነጭ ወረቀት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶ ሲነሡ፣ ልዩነት ካለ ያ ልዩነት ማስረጃ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የውሃው ቀለም፣ ጠረኑ፣ አረፋው፣ በቴርሞሜትር የተለካው ሙቀትና ባለፉት ሁለት ቀናት ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡ ይሰፍራል። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ካለው እርሱም ይጨመራል። የተለያየ ሰው «ትንሽ ይሸታል» ሲል የተለያየ ነገር ማለቱ ስለማይቀር፣ ጠረኑን ከ0 እስከ 3 ባለ ደረጃ አስቀድሞ መስማማትና ሁልጊዜ ሦስት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ እንዲጽፉት ማድረግ ጥሩ ነው። ማሽተቱም ከሩቅ፣ በእጅ አየሩን ወደ አፍንጫ በማምጣት እንጂ ጠርሙሱን አፍንጫ ላይ በመድፋት አይደለም።

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ መምህር መጋበዝ ይጠቅማል። በቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ለማንሣት የሚያገለግለው ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ጠረን እንዳለው፣ ቆዳ ለማልፋት ደግሞ በአብዛኛው የክሮሚየም ጨው እንደሚያስፈልግ፣ ጠረኑ በአፍንጫ ሲታወቅ ክሮሚየሙ ግን በቤተ ሙከራ መሣሪያ ካልተመረመረ እንደማይታወቅ ያስረዳቸዋል። በአቃቂ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚበቅሉ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ አትክልቶች በከባድ ብረታ ብረት መበከላቸውን ተመራማሪዎች በተለያዩ ጊዜያት አሳይተዋል። ተማሪዎቹ ግን በጠርሙስና በአፍንጫ ያገኙትን ይዘው «ወንዙ መርዝ ነው» ብለው ቢጽፉ፣ ደብዳቤው የደረሰው ባለሙያ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ያስቀምጠዋል። ያዩትን ብቻ ጽፈው «ያልታየውን እናንተ መርምሩልን» ቢሉ የሚከራከራቸው አይኖርም።

አትክልቱን የሚያመርቱት ሰዎችም መዘንጋት የለባቸውም። በወንዙ ዳር ጎመን የሚያበቅለው ገበሬ ውሃውን አላቆሸሸም፤ ሌላ ውሃ የለውም። ወሬው ገበያ ላይ ቢሰማ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነው። የተማሪዎቹ ሥራ የእርሱን ማሳ ለይቶ የሚያሳይ ፎቶ ወይም ስም ካወጣ፣ ፍትሕ ፍለጋ የጀመረው ሥራ በጣም አቅም የሌለውን ሰው ጎድቶ ያልቃል። በክፍሉ ውስጥ የእርሱ ልጅ ሊኖር እንደሚችልም መታሰብ አለበት፤ እንዲሁም የፋብሪካው ሠራተኛ ልጅ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው

ይህ ጉዳይ ለልጆች የቀረበና አደጋ የሌለው ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለአራት ሳምንት በቤቱ አንድ ገጽ ይይዛል፤ ውሃ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ የተቀዳው የጀሪካን ብዛት፣ ከተገዛ የተከፈለው ዋጋ፣ የቀዳው ወይም ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ይመዘግባል። የመጨረሻው አምድ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ይናገራል፤ 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ማን እንደተሸከመውና ከትምህርት ሰዓት በፊት ይሁን በኋላ ሲደመር ስለ ሴት ልጆች ጊዜ ሳይታሰብ የሚወጣ ነገር አለ። በቤት ውስጥ ያለው ሰው ቁጥር ከታወቀ ለአንድ ሰው በቀን የደረሰው ሊትር ይሰላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር እንደሚያስፈልግ ከሚገልጸው ጋርም ይነጻጸራል። የሒሳብ መምህሩ አማካይና መካከለኛ ቁጥር የሚያስተምርበት ከዚህ የተሻለ መረጃ አያገኝም። ገጾቹ ሲሰበሰቡ የቤተሰብ ስም ተነሥቶ የሰፈር ስም ብቻ ይቀራል።

ገንዳ፣ ካባና ጎርፍ የመረጡ ክበቦችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ፣ ሳይቋረጥ።

ሰዎችን ማነጋገር

ቁጥር ያልያዘውን ነገር የሚያውቁት ነባር ነዋሪዎች ናቸው። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከትምህርት ቤቱ መሸኛ ደብዳቤ ይዘው፣ ሰላምታ አቅርበው ነው የሚጀምሩት፤ «እንደምን ዋሉ አባባ፣ የእገሌ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነን፤ ወንዙ በልጅነትዎ ምን ይመስል እንደነበር ቢያጫውቱን ብለን ነበር» ቢሉ፣ ብዙ ሰው መቀመጫ ያቀርብላቸዋል። «ወንዙን የበከለው ማን ነው?» ብሎ መጀመር ግን በሩን ይዘጋል፤ መልስ ቢገኝም ወሬ ነው። የሚጠየቀው ያዩትና ያደረጉት ነገር ነው፤ ይዋኙበት ነበር ወይ፣ ዓሣ ነበረው ወይ፣ ከብት መጠጣት ያቆመው በየትኛው ዘመን ነው፣ ፋብሪካው ወይም መንደሩ ሲመጣ ሰብስቦ ያነጋገራቸው ሰው ነበር ወይ። ይህ የመጨረሻው ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ስለሆነ ፈጽሞ መታለፍ የለበትም።

በዳርቻው ብዙ ቤተሰብ አፋን ኦሮሞ ይናገራል። ቋንቋውን የሚችሉ ተማሪዎች በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ቢመደቡ ሥራው ይሠምራል፤ በአማርኛ ብቻ የተጠየቁ እናት በአጭሩ መልሰው የሚያልፉትን ነገር በአፍ መፍቻቸው ሰፋ አድርገው ይናገሩታል። ከእድር ሰብሳቢዎችና የቆሻሻ መሰብሰቢያ ማኅበራት አባላት ጋር መነጋገርም አይቀርም። በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡት ወጣቶች መኪናው የት ድረስ እንደሚገባና የት እንደሚቆም ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሕጉን ማወቅ

ተማሪ ወደ ቢሮ ሲሄድ የሚለምን ሳይሆን መብቱን የሚጠይቅ መሆኑን ማወቅ አለበት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም ካሣ የማግኘት መብት በዚያው አንቀጽ ተቀምጧል። አንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም ሐምሌ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. ይህን መብት የሰው ልጅ ሁሉ መብት አድርጎ ተቀብሎታል።

ለሥራው የበለጠ የሚጠቅሙት ግን ሁለት አዋጆች ናቸው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑና አስተያየት እንዲሰበሰብባቸው ስለሚል፣ ተማሪዎች በሰፈራቸው የሚሠራ ትልቅ ፕሮጀክት ሰነድ እንዲታያቸው መጠየቅ ይችላሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ እርሱን እንደነካው ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ማንኛውም ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ቅሬታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ቅሬታ አቅራቢው በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪዎች ወደ ፋብሪካ ግቢ የመግባትና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አላቸው። ተማሪዎች ይህ ሥልጣን የላቸውም፤ ወደ ማንኛውም ግቢ መግባት፣ ከአጥር በላይ ፎቶ ማንሣት ወይም ከጥበቃ ጋር መከራከር አይገባቸውም። የመዝገባቸው ዓላማ መግባት የሚችለውን ሰው ማምጣት ነው።

ደብዳቤውና መዝገብ ቤቱ

ከመጻፍ በፊት ጉዳዩ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ መለየት ያስፈልጋል፤ በዳርቻው ይህ ቀላል አይደለም። መንገዱ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማዶው ሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ሸገር በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ለገጣፎን፣ ሱሉልታንና ሌሎች ከተሞችን አጠቃሎ የተመሠረተ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለ ከተማ ነው። ወንዙ ወሰን አያውቅም፤ መዝገብ ቤቱ ግን ያውቃል። ፍሳሹ የሚለቀቅበት ቦታ በአዲስ አበባ ከሆነ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በኦሮሚያ ከሆነ ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይጻፋል፤ ሁለቱም የሚነካ ከሆነ ለኢትዮጵያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ግልባጭ ይደረጋል። የቧንቧ ውሃ ጉዳይ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ነው። የገንዳ ጉዳይ ከወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጀምራል፤ እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ተባባሪዎች ናቸው፣ መኪናም ነዳጅም የሚያዝዘው ግን ከእነርሱ በላይ ያለው ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይይዛል። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በትምህርት ቤታችን አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ላይ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ባደረግነው ምልከታ፣ ከቱቦው በታች ያለው ውሃ ከቱቦው በላይ ካለው በቀለሙም በጠረኑም ተለይቶ አግኝተነዋል፤ የቀናቱ ሠንጠረዥና ፎቶዎቹ ተያይዘዋል። ባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ ልኮ ናሙና እንዲያስመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን።» የወንጀል ክስ የለውም፣ የፋብሪካ ስም አይጠራም፣ ስድብም ልመናም የለውም። የአካባቢው ነዋሪ በአፋን ኦሮሞ የሚገለገል ከሆነ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ቅጂም ይያያዛል።

ደብዳቤው የትምህርት ቤቱን ማኅተምና የርእሰ መምህሩን ፊርማ ይዞ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሥራው ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ መስማት የለባቸውም። የአብዛኞቹ ተማሪዎች ዕድሜ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ፣ በአዋጁ መሠረት የሚቀርብ መደበኛ ቅሬታ በትምህርት ቤቱ ወይም ፈቃደኛ በሆነ ወላጅ ስም ይሆናል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተወስዶ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረጋል፤ በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን ተመትቶበት ይመለሳል። ቁጥር ያልተመታበት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ 30 ቀኑም የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ኑ» መባል አይቀርም። ይህም በመዝገቡ ላይ በቀኑ ይጻፋል፣ ያለ ቁጣ።

ከዚያ በኋላ

መልሱን እየጠበቁ ተማሪዎቹ ያገኙትን ለወላጆች ስብሰባና ለእድር ያቀርባሉ፤ ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ሠንጠረዡን በትልቁ ጽፈው። የወላጆች ጥያቄ ከባለሥልጣን ጥያቄ የከበደ ነው፤ «ፋብሪካው ቢዘጋ ልጄ የት ይሠራል?» የሚል አባት በእርግጥ ይኖራል። ተማሪዎቹ ለዚህ አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው፤ የጠየቁት ፍሳሹ እንዲጣራ እንጂ ሥራው እንዲቆም አለመሆኑን፣ ሕጉም ለጉዳቱ ወጪ ኃላፊ የሚያደርገው በካዩን እንጂ ሠራተኛውን አለመሆኑን ማስረዳት ይችላሉ። አባትየው ላይረካ ይችላል። ስጋቱ ግን በመዝገቡ ውስጥ ይጻፋል፤ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ክበብ የመፍትሔውንም ጉዳት መቁጠር አለበት።

መልሱ «ተቆጣጣሪ ልከናል» የሚል ከሆነ፣ ምልከታው በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ቢያንስ ለአንድ ወር ይቀጥላል፤ ለውጥ መኖሩን የሚያሳየው እርሱ ነው። ገንዳው በሰዓቱ መነሣት ከጀመረ ምስጋና በጽሑፍ ይላካል፤ ይህን የሚያደርግ ክበብ ጥቂት ስለሆነ ደብዳቤው በቢሮው ውስጥ ይታወሳል። ሆኖም ተማሪዎቹ መኪናው አሁን ወዴት እንደሚሄድና እዚያ ማን እንደሚኖር መጠየቅ አለባቸው። መልስ ካልመጣ በ31ኛው ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ይገባል፤ የ60 ቀኑም ቆጠራ ስለተጀመረ፣ ወላጆች ወደ ፍርድ ቤት መሄድን የሚያስቡ ከሆነ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ አገልግሎት ማዕከላትን ሳይዘገዩ ማማከር ይኖርባቸዋል። ይህ ውሳኔ የወላጆች እንጂ የክበቡ አይደለም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰኔ ላይ ይወጣሉ፤ መምህሩም ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ፣ ካርታው፣ የደብዳቤዎቹ ቅጂና ያነጋገሯቸው የቢሮ ኃላፊዎች የሥራ መደብ ዝርዝር በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ማኅደር ይቀመጣሉ። በማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምልከታው የት ቦታ ቆመው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ደረጃ እንደተመዘገበ ተጽፎ፣ በመስከረም የሚመጡት የክበቡ አባላት በጥቅምት መጀመሪያ ከዚያው ድልድይ ላይ እንዲቀጥሉ ይደረጋል።